አልጋ ያላት መኪና

አልታየችዬ! አንቺ ነሽ እንዴ? እንኳን ደህና መጣሽ! ነይ፣ እዚህ ከኋላዬ ቁሚ፣ ጀሪካንሽን አስጠጊው። የለም፣ ማንም አይቆጣም፤ ቦታ ይዤላት ነበር እላለሁ። ኧረ ይሄ ብርድ! ቦኖው እኮ በውርጭ ደርቆ ነው ሁላችንም የተገተርነው። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ፀሐይ ቧንቧውን እስክትነካው ጠብቁ ብሎን፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ያውልሽ ተቀምጧል። እነዋሪስ እንዲህ ይበርዳል? እህትሽ በደህና ተገላገለች? ወንድ! እሰይ፣ ያሳድግላት። አንቺም ሁለት ወር እሷን ስታርሺ ፊትሽ ሞላ ብሎ መጣሽ... ገንፎው ለማን ነበር ለመሆኑ?

እናቴማ ተነሣችልሽ! ምነው ደነገጥሽ? ስትሄጂ ከአልጋ ወደ በርጩማ በሁለት ሰው ነበር የምትወርደው፣ ትዝ ይልሻል? ያቺው እናቴ አመተ ማርያም፣ ትናንት ግድግዳውን እንኳ ሳትይዝ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ሞቀች። ሰፈሩ ሁሉ እልል አለላት። በምን ዳነች አትይኝም? በጠበል ነዋ። የየት ጠበል ነው አትይኝም?... እሱን ላጫውትሽ፤ ውሃው እንደሆነ ገና ነው።

ዞር አትበይ ብቻ። ከኋላሽ ሰው ቆሟል፤ ወሬያችን ሴትዮዋን እንዳያሰለቻት።

አንዲት ሴት አለች። የዚህ ሰፈር እንዳይመስልሽ፣ ሌላ ቀበሌ ናት። ደግነቷን ምን ብዬ ልንገርሽ! ባለቤቷ የፈረንጅ ሾፌር ነበር። ያ የበግ ባለሙያ ፈረንጅ ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ መኪናውን ለሾፌሩ ትቶለት ሄደ። መኪናዋ ኮምቢ ናት፣ ውስጧ ግን ቤት ነው። የሚታጠፍ አልጋ አላት። መጋረጃ አላት። ዕቃ ማጠቢያ አላት። በር ላይ የሚዘረጋ ሸራ፣ ውሃ የምትቀዳበት ረጅም የላስቲክ ቱቦ፣ ለመስኮቷ የዝንብ መረብ... ፈረንጁ እኮ ኩባያ እንኳ ሲሰቅል ለኩባያው ልክ ቀዳዳ አበጅቶለት ነው! ከሁሉ ከሁሉ ምድጃዋ። ባለ ሁለት ዓይን ነው፣ ያለው ደግሞ አልጋው ራስጌ፤ ተኝተሽ እጅሽን ስትዘረጊ እሳት። እኛ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ስንተኛ፣ እሷ ቤትም አላት፣ የሚሄድ ቤትም አላት። ትርፍ ቤት ሲወረስ ጎማ ያለውን ረስተውት ነው መሰለኝ። ይርሱላት! እኔ አልመቀኝም።

እና ጥቅምት ላይ፣ የቤንዚን ኩፖናቸውን አጠራቅመው አንኮበር ሊሄዱ ሆነ። ለሽርሽር እንዳይመስልሽ፣ ለጠበል። ከጎረቤላ ቁልቁል የሚወረድበትን ጠበል ታውቂው የለ? የእናቴ የልጅነት ደብር ነው። እግሯ ከተያዘ ጀምሮ ሌላ ቃል አልነበራትም፤ «ያንን ጠበል ሳላገኝ አልሙት» ብቻ ነው። በአውቶቡስ እንዳልወስዳት መቀመጥ አትችል። ታዲያ ይህቺ ደግ ሴት ምን አለችኝ መሰለሽ? «እማማን አልጋው ላይ አስተኝተን እንወስዳታለን፤ አልጋው ለመቼ ሊሆን ነው?» አለችኝ። እኔ አልለመንኳትም እኮ! ከራሷ አፍ ነው የወጣው። እጇን ስሜ አለቀስኩ።

ከዚያማ ምን ልበልሽ። እናቴ ነጠላዋን አሳጥባ፣ አጣጥፋ፣ ትራስጌዋ አድርጋ ሳምንት ሙሉ ቀን ቆጠረች። እኔ የይለፍ ወረቀት ላወጣላት ቀበሌ ተመላለስኩ። ጓድ ሊቀመንበሩ የጉዞው ምክንያት ምንድን ነው ሲለኝ «ዘመድ ጥየቃ» አልኩት። ጠበል ተብሎ ይጻፋል እንዴ በዚህ ጊዜ?

ሴትዮዋ ደግሞ ለመንገድ የሚያስፈልገውን ዕቃ ስታውቅ! ወለተሐና፣ ፋኖስ አለሽ? አለኝ። ፔርሙዝ? አለኝ። የፋብሪካ ብርድ ልብስሽን? ሁለቱንም ውሰጂ። ገመድስ? የበርበሬ ማስጫ ሸራሽስ? አገልግልሽስ? ጀሪካንስ? ሰማያዊዋን ሰጠኋት፣ እጀታዋ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰርኩባትን። ለእናቴ ጉዞ ነው ብዬ ቤቴን አራግፌ ሰጠሁልሽ። የቀረኝ ምንቸትና ድመት ነው።

አርብ ጠዋት እናቴን በወንበር ተሸክመን አወጣናት። ነጠላዋን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ... ሙሽራ ነበር የምትመስለው። የመኪናዋ በር ተከፈተ። አልጋው ላይ ምን ተኝቷል? የእኔ ብርድ ልብስ። የእኔ ሸራ። የእኔ አገልግል። ጀሪካኔ ትራሱ ላይ ተደግፋ! «ውይ፣ ዕቃው በዛ እኮ፣ ቦታ ጠፋ» አለች። እውነቷን ነው፣ በዓይኔ አየሁት። የእናቴን ቦታ የያዘባት የእኔው ዕቃ ነው። በማን ልቆጣ? በጀሪካኔ?

ላውርደው አልኳት። እሷ ግን ሰው እንዲደክም አትወድም። «ተይ፣ ባለቤቴ አስተካክሎ አስሮታል። ለእማማ እኔ ራሴ ጠበሉን በዚችው ጀሪካን ሞልቼ አመጣላታለሁ» አለች። እናቴስ ምን አለቻት መሰለሽ?... «ተባረኪ ልጄ።» መኪናዋ ከዓይኗ እስክትጠፋ በሩ ላይ ሆና አየቻት፤ ከዚያ መልሰን አስገባናት። ነጠላዋን ሳታወልቅ ነው የዋለችው።

ጀሪካናችን ይንሸራተታል እንዴ? እሰይ፣ ወረፋው ጠጋ ጠጋ ማለት ጀመረ... አይ፣ ሰው ብርዱን ሽሽት እየተጠጋ ነው። አንቺም ጠጋ በይልኝ። ከኋላችን ያለችውም ትጠጋ፤ እንዳይበርዳት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣች። ጀሪካኗ እስከ አፏ ሞልታ፣ በንጹሕ ነጠላ ተሸፍና። «ቁልቁለቱ ጉልበቴን ጨረሰኝ» እያለች እያነከሰች ነው የገባችው፤ ሲያሳዝን! አገልግሌ ባዶውን ነው የመጣው። ባዶ ዕቃ እንደማይመለስ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም እኮ፣ በጠበሉ ሐሳብ ተጠምዳ ነው። እናቴ ጀሪካኗን አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ምንም ሳትቀምስ፣ አንድ ኩባያ ጠጥታ እግሯን ትታጠባለች። ያጠብኳት እኔ ነኝ፣ በእነዚህ እጆቼ። «የልጅነቴን ውሃ ጣዕሙን አወቅሁት» ትለኛለች። በሰባተኛው ቀን ቆመች። በራሷ። አልታየች ሙች፣ መሬቱን ነው የሳምኩት።

በሳምንቱ ያሕያ መጣ። በርበሬ የማስረክበው... ምን ነካኝ፣ በርበሬ የሚያስረክበኝ፣ የአልዩ አምባው ነጋዴ። «እትዬ ወለተሐና፣ ወላሂ ጎረቤላ ጫፍ ላይ ያየኋት መኪና!» ብሎ ጀመረልኝ። ሦስቱንም ቀን ጠዋት ጠዋት በዚያ ሲያልፍ አይቷቸዋል። ሸራውን ዘርግተው፣ ወንበር አውጥተው፣ ቆላውን ቁልቁል እያዩ። ቅዳሜ እንቁላል በቅቤ። እሑድ ጨጨብሳ። ሰኞ ደግሞ ከእሱ ፓፓያ ገዝተው በላዩ ላይ ሎሚ ጨምቀው። አንድ ቄስ በዚያ ሲያልፉ «ዛሬስ ጠበል አትወርዱም?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ እሷ «አባ፣ ዛሬ ቀምሰናል፣ ነገ» ስትል ሰማኋት አለኝ። ሁለት ጊዜ ሰምቷታል። ያሕያ እስላም ነው፣ ጠበል በባዶ ሆድ እንደሚወረድ በምን ያውቃል? እሱ የሚያደንቀው ምድጃዋን ነው።

ፍረጂ እንግዲህ! ምን ታድርግ? ዓይንሽን ስትገልጪ ቅቤው ራስጌሽ ሲንጫጫ... ማን ይጾማል? እኔስ ብሆን? እንዲያውም ሥርዓት አዋቂ ናት። ሌላዋ ብትሆን በልታም ትወርድ ነበር። እሷ ግን በላሁ ብላ ሥርዓቱን አክብራ ቀረች። እንዲህ ያለች ሃይማኖተኛ የት ይገኛል?

ታዲያ ጀሪካኗ በምን ሞላች? ይሄ ነው ያስገረመኝ። ጠበሉ በመጣ በነጋታው ውሃ ልቀዳ ስመጣ ጋሽ ወርቅአገኘሁ ይነጫነጭ ነበር። «ትናንት አንዷ ከመኪና ሳትወርድ ቱቦ ዘርግታ፣ ወረፋ ሳትይዝ ከቦኖዬ ቀድታ ሄደች» ይላል። ቱቦ ያለው መኪና ስንት አለ በዚህ ከተማ፣ ንገሪኝ እስቲ?... እኔ እንጃ። ብዙ ይኖራል።

ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽሽም። በርበሬ እየቀነጠስኩ አለቀስኩ፤ እናቴ ምነው ስትለኝ በርበሬው ነው አልኳት። ሄጄ አጥሩን ልነቀንቅባት ተነሥቼ ነበር... ማለቴ፣ እዚያ ሌላ ቀበሌ ሄጄ። ግን እናቴ ብትሰማስ? የቆመችው በዚያ ውሃ ነው። የቦኖ ነው ብላት መልሳ ብትተኛብኝስ? ያንን እግር ማን ደግሞ ያነሣልኛል? እና ዋጥ አደረግሁት። አሁንም ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፤ እናቴ ዘንድ ስትመጪ «የአንኮበር ጠበል እንዴት ያለ ነው እማማ» በያት፣ ደስ ይላታል።

ጠበሉ ደግሞ ባለፈው ሳምንት አለቀ። እናቴ «ያቺ ልጄን ለምኚልኝ፣ ትድገመኝ» አለች። ሄድኩ፣ እያወቅሁ ሄድኩልሽ። ደግዋ ሴት ዓይኗን ሳታሽ ጀሪካኔን ተቀበለችኝ። «ባለቤቴ ሐሙስ አንኮበር ይሄዳል፣ አርብ ማታ ሞልቼ አደርስላታለሁ» አለች። ትናንት ሐሙስ ነበር አይደል? መኪናዋ ግን እዚያው እንደ ቆመች ናት፤ ከጎማዋ ሥር ያለው ድንጋይ እንኳ አልተነቃነቀም። በእግሩ ሄዶ ይሆናላ! ለሰው ሲሉ ሩቅ አይመስላቸውም እኮ እነሱ። እናቴም ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ በሩ ሥር በርጩማዋን አስቀምጣ ማታን ትጠብቃለች።

ኧረ ስሚ! ቧንቧው ተንፈስ ተንፈስ አለ... መጣ! ጋሽ ወርቅአገኘሁ፣ ፀሐይዋ ነካችው፣ ቁልፉን አውጣው!

አሁን ዞር በይ አልታየች። ውይ እመቤቴ፣ ከኋላችን የቆምሽው አንቺ ነሽ እንዴ? እኛ ስንለፈልፍ በብርድ አቆምንሽ። ፊትሽ ቀላ እኮ፣ ውርጩ ነው። የያዝሻት ሰማያዊ ጀሪካን እንዴት ታምራለች... ቀይ ጨርቅም አላት! ቁርጥ የእኔን ትመስላለች። የእኔዋ ግን አንኮበር ናት፣ ዛሬ ማታ ነው የምትገባው። ነይ፣ እለፊ፣ የእኔን ተራ ውሰጂ። ኧረ በሞቴ! እኔ ቤቴ ቅርብ ነው፣ የአንቺ መንገድ ሩቅ ነው። ጋሽ ወርቅአገኘሁ፣ መጀመሪያ ለእሷ ቅዳላት፣ እስከ አፉ ሙላላት፤ በር ላይ ተቀምጣ የምትጠብቃት አሮጊት አለች።

አታመስግኚኝ፣ ምን አደረግሁልሽ? እኔ ልመርቅሽ እንጂ። ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ። ፀጉርሽ እስኪነጣ፣ እግርሽ እምቢ እስኪልሽ ድረስ ኑሪ። ያን ጊዜም ከአልጋሽ ላይ ሆነሽ በር በሩን ስታዪ፣ ልክ እንደ አንቺ ያለች ደግ ጎረቤት ጠበል ይዛልሽ ትምጣ። አሜን በይ እንጂ፣ የኔ እመቤት።