የጠበሉ ጀሪካን

እኔ እኮ ለልጄ ውኃ ሳላፈላ ሰጥቼው አላውቅም። ታዲያ የሳሚ ተቅማጥ ተሻለው ስል እየተመለሰበት፣ ዓይኑ ጎደጎደና ሲያለቅስ እንባ እንኳ አጣ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ነጂማ ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ድረስ መጣች። ያመጣችውን የኦአርኤስ ዱቄት በጥብጣ በማንኪያ እያጠጣችው ቤቱን በዓይኗ ዞረችው።

«ያ ቢጫ ጀሪካንስ?»

«ጠበል ነው። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዱ እሰጠዋለሁ።»

«ታፈይዋለሽ?»

«ጠበል ይፈላል እንዴ!»

«አስተግፊሩላህ! ጠበሉን መቼ ነካሁት? ጀሪካኑ መቼ ታጠበ ነው የምልሽ።»

ጠበል የያዘ ዕቃ ይታጠባል ብዬ አስቤም አላውቅ፤ ሲጎድል ብቻ እሞላዋለሁ። በስልኳ መብራት ውስጡን አሳየችኝ፤ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይዞታል። አማተብኩ። ግን በምኑ ላይ እንዳማተብኩ እኔም አልገባኝም። ለንስሐ አባቴ ብደውልላቸው፣ «ልጄ፣ ጀሪካኑን ማን ባረከው? እጠቢው እንጂ!» ብለው ሳቁብኝ።

በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት። እጣቢውን ልደፋ ስል ግን እጄ ቆመ። ጠበል የነካው ውኃ ሰው በሚረግጠው ላይ አይደፋ፣ ሽንት ቤትማ እንዴት ተብሎ! እሳቸውን ደግሜ መጠየቅም አፈርኩ።

በማግስቱ ነጂማ ስትመጣ ሳሚ እሷን አይቶ አለቀሰ። እንባው በጉንጩ ኮለል አለ። «ተመስገን!» አልኩ። «አልሐምዱሊላህ!» አለች። ወዲያው ከበሩ ጀርባ ክዳን የገጠምኩበትን ባልዲ አየችና ወገቧን ያዘች።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?»