ሦስት ጊዜ አሥራ ሁለት

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌታቸው፣ የእርሻው ባልደረቦቼ፣ ወደ ጋሼ ሰይፉ የጡረታ መሸኛ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬ ስምንት ዓመት በየካቲት በረኛው እየሮጠ መጣና «ብርሃኔ፣ በሩ ላይ አንድ በሽተኛ ቆሟል» አለኝ። ወጥቼ ባይ አዲሱ የጋራዣችን የባትሪ ባለሙያ ጋሼ ሰይፉ ናቸው! ከደብረ ሲና ወርደው፣ በሮቢት ሐሩር ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈዋል። «ጋሼ፣ ያውልቁት እንጂ!» ብላቸው፣ «አገሩን ሳላውቅ አላወልቅም» አሉኝ። እስከ ፋሲካ አላወለቁም!

ሱሪያቸውንማ ታውቁታላችሁ። አሲድ በልቶት ወንፊት ሆኗል። ጠዋት ጠዋት ባትሪዎቹን አንድ በአንድ «እንዴት አደርሽ?» ይላሉ። እኛን ግን ዝም! አንድ ቀን የወጥ ቤታችንን እትዬ ፈለቀችን «ለባትሪ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመረው» ቢሏቸው፣ እትዬ ጠበል ይዘው መጡ። ይሳቁ እንጂ እትዬ፣ እውነቴን ነው!

ደግሞ ያ ጋሪ! ፈረንጆች ጎልፍ ሲጫወቱ የሚነዱት፣ እኛ ብርቱካን የምንጎበኝበት የባትሪ ጋሪ። ባትሪዎቹ ሲሞቱ ጋሼ ባለ ስድስት ቮልት ስድስት ባትሪ አዘዙ። እኔ የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስኩ ሊቅ፣ «ባለ አሥራ ሁለት ቮልት ሦስት የጭነት መኪና ባትሪ አለን፤ ሦስት ጊዜ አሥራ ሁለት ያው ሠላሳ ስድስት ነው፤ ጋሪውም ይቀለዋል!» አልኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የመኪና ባትሪ ሞተር አስነስቶ የሚያርፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎትት ስትለው ይለግማል። ስድስቱ እስኪመጡ ታገሥ።»

እኔና ትዕግሥት! እሳቸው ለቅሶ ደብረ ሲና ሲወጡ ሦስቱን ገጠምኩ። በማግስቱ ከአዲስ አበባ አንድ ደጃዝማችና ሌሎች እንግዶች መጡ። ጋሪው መጀመሪያ በረረ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ብርቱካኑ መሐል ሲደርስ ግን ቀጥ! ደጃዝማቹ ኮታቸውን አውልቀው ሲገፉ አየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሼ እንደተመለሱ አቶ ጌታቸው ሁላችንንም ሰብስበው «እነዚህን ባትሪዎች የመረጠ ማነው? ዛሬውኑ ይባረራል!» አሉ። አፌን ሳልከፍት ጋሼ ሰይፉ «እኔ ነኝ» አሉ። እንደ እሳቸው ያለ ባለሙያ ማን ያባርራል? አልተባረሩም። ግን በዚያው ወር ሊሰጣቸው የነበረው የጋራዥ አለቅነት ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔን አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። «ስድስቱ ሲመጡ ሽቦውን የምታስረው አንተ ነህ» ብቻ አሉኝ። አሰርኩት፤ ሙያም ያዝኩ፤ ልጆቼንም በዚሁ ሙያ እያሳደግሁ ነው።

አቶ ጌታቸው፣ ሦስቱን የገጠምኩ እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ፈርቼ ዝም አልኩ። ነገ ያባርሩኝ፤ ዛሬ ግን ብርሌዎን ያንሱልኝ።

ጋሼ፣ የእኔን ጥፋት እስካሁን ተሸክመውልኛል፤ በቃ፣ አሁን ያውርዱት። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ጡረታዎ የጥጋብና የሳቅ ይሁን። ሁላችሁም ተነሡ፣ ብርሌ ከፍ!

ለጋራዡ አለቃ፣ ለጋሼ ሰይፉ!