ለሁለት ሰው የተዘፈዘፈ ቦሎቄ

ግቢ፣ ግቢ እህት ዓለም፤ በሩ ክፍት ነው። ሊፍቱ ዛሬም እምቢ አለሽ? አምስት ፎቅ በእግርሽ… ነይ አረፍ በይ። እኔማ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ብቻ ነው። ካፖርቴን አትይብኝ፣ ቤቱ ቀዝቀዝ ብሎኝ ነው። ሱሪውን አሳጠርሽው? እጅሽ ይባረክ! ተኩሰሽዋል ደግሞ! በይ እዚያ ወንበር ላይ አድርጊው፣ ባለቤቱ ሲመቸው ያነሳዋል። አሁን እጁ ተይዟል።

ይሸትሻል አይደል? ከሙን ነው። ድንብላልም አለበት፣ እርድም፣ ዝንጅብልም… የህንድ ካሪ ነው የሚሰራው፣ በስፒናችና በቀይ ቦሎቄ። ስጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። እኔ? ኧረ እኔ አይደለሁም! እኔማ ከጠዋት ጀምሮ «ወጥ ቤት ድርሽ እንዳትዪ» ተብያለሁ። ባለሙያ አለልሽ። ስም አልጠራም፤ ስም መጥራት ምን ያደርጋል? ብቻ «ለሁለት ሳምንት ነው» ብሎ አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ ገብቶ ይኸው አስራ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ሰው ነው። እናቴ ከኔ በኋላ የወለደችው። ቀስ ብዬ ላውራ? ለምን? ምግብ የሚሰራ ሰው ጆሮው ድስቱ ላይ ነው፣ አይሰማንም።

ብታይው በሳቅ ትሞቺ ነበር። መኪና መንዳት ሊማር የመጣውን ሁሉ ከጎን ተቀምጦ «መስታወቱን እይ! ፍሬን! ፍሬን አልኩህ!» እያለ የሚያርበደብድ ሰው፣ ዛሬ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ አንዲት ሴትዮ «አሁን ዘይቱን ጨምሩ» ስትለው «እሺ» ይላል። በአፉ እኮ ነው! ሽንኩርት ሲከትፍም አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ሁለቴ ነው፤ አንዴ እማዬ ያረፈች ጊዜ፣ አንዴ ዛሬ። ስፒናቹንማ ቅጠል በቅጠል ነው ያጠበው። እንዲህ የሚጠነቀቅ እጅ እዚህ ቤት እንዳለ እኔ በምን ልወቅ?

ለማን ነው አትይኝም? እንግዳ አለች። ከተማሪዎቹ አንዷ ናት፣ ሶስቴ ወድቃ በአራተኛው ያለፈች። እንኳንም ወደቀች! በአንዴ ብታልፍ መቼ ይላመዱ ነበር? ከእንስሳ የተገኘ ነገር አትቀምስም፣ እንቁላል እንኳ። ጨዋ ልጅ ናት፣ ስለሷ ክፉ ቃል አይወጣኝም። በሁለት ወር ውስጥ ምን እንደምትበላ ጠይቆ፣ አጥንቶ፣ ሽርጥ ታጥቆ የሚቆምላት ሰው ማግኘት… መታደል ነው።

እኔንስ የዛሬ ሶስት ዓመት ሐኪሙ «ስጋና ቅቤ ተዪ» ያለኝ ትዝ ይልሻል? ያን ሰሞን ይሄንኑ ቦሎቄ፣ ይሄንኑ ስፒናች ሰርቼ ሳቀርብ፣ አንድ ሰው ሳህኑን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገና «ይሄ ቤት ነው ሆስፒታል?» አለ። አልፈረድኩበትም። ከሙን አልነበረበትማ! ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ሁለት ድስት ነው የሚጣደው፣ ትልቁ በቅቤ፣ ትንሿ የኔ። ቀኑን ሙሉ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ውዬ፣ ማታ ደግሞ ምድጃ ፊት እቆማለሁ። ደከመኝ ብዬሽ አውቃለሁ?

እስኪ አንዴ ዝም በይ… ሰማሽ? ቀጭ፣ ቀጭ። ማማሰያው ቦሎቄውን ሲነካው ነው። ጠጠር የሚያማስል አይመስልም? አይ ምስኪን! ማታ ዘፍዝፎ፣ ጠዋት ውሃ ቀይሮ፣ ሁሉን አሟልቶ ነበር እኮ። ግን ስልኩ ላይ ያለችው ሴትዮ ቦሎቄዋን ያወጣችው ከቆርቆሮ ነው፣ የበሰለውን። የኛ ባለሙያ ጥሬውን ከቲማቲሙ ጋር አንድ ላይ ከተተው። ቲማቲም የገባበት ጥሬ ቦሎቄ እስኪመሽ ቢንተከተክ መቼ ይለሰልሳል? እሷ ሰባት ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ አሁን ስድስት ተኩል ነው። እኔ ምን አገባኝ? ወጣት አይደለች፣ ጥርሷ ይችለው ይሆናል።

ላንቺ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳታወሪ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ቦሎቄዬን ቀቅዬ አስቀምጣለሁ። ትናንትም ቀቅያለሁ። ፍሪጅ ውስጥ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ሰማያዊ ክዳን ያለው ዕቃ። ለስላሳ ነው፣ ቅቤም አልነካው። እንግዲህ አንድ ሰው ጥሬውን ለቅሞ አውጥቶ የኔን ቢጨምርበት፣ ስፒናቹን ደግሞ መጨረሻ ላይ ቢያስገባው፣ በሩብ ሰዓት ያልቃል። እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው የማወራሽ።

…የፍሪጁ በር ነው የተከፈተው? ውሃ ጠምቶት ይሆናል።

ጠረጴዛውንስ አየሽልኝ? ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ሶፍቱ እንኳ በሶስት ማዕዘን ታጥፏል። ሁለት… መቁጠር ይችላል መቼም፣ አስተማሪ አይደል? ጠዋት ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ዛሬ የትም አትሄጂም እንዴ?» አየሽ አሳቢነት! እሁድ እሁድ ቤት መዋሌ አሳዝኖት ነው። ካፖርቴንም የለበስኩት ለዚሁ ነው፤ ብርድ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ለብሼ ከተቀመጥኩ ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ነው፣ የት እንደምሄድ ጠፍቶኝ። ከፍቶኛል፣ አልደብቅሽም። የገዛ ቤቴ ውስጥ እንግዳ ሆኜ ቁጭ አልኩ… አንቺ ጋ ሻይ አይጠፋም አይደል?

ቆይ ቆይ… ይሄ ደግሞ የምንድን ነው? ሳህን ነው! ሶስተኛ ሳህን እየወጣ ነው። እሰይ! ይቀመጥ፣ ግድ የለም። ባዶውን ስታይ «ይሄ የማን ነው?» ትለው ይሆናል፤ ያኔ ያስረዳታል። ማስረዳት ስራው ነው።

በይ ተነሺ፣ ሳትመጣ እንውረድ። ብቻ ሳልመርቅ አልወጣም፣ ታላቅ ነኝ እኮ። ድምፄን ትንሽ ከፍ ላድርግ፣ ምርቃት በሹክሹክታ አያምርም፤ አንቺም አሜን በይ።

የሰራው እጅ ይባረክ። ምግቡ ይጣፍጥላቸው። ለዚችም ልጅ አምላክ ዛሬ ወጥ ቤት ውስጥ ሽርጥ ታጥቆ የቆመውን ይሄንን ሰው እድሜ ልኳን ይስጣት፤ ብትታመም የሚያበስልላት፣ ሳህኗን የማይገፋባት ያድርግላት። ደግ ሰው ይመስላል። እኔ አስራ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ አንድም ቀን አግኝቼው አላውቅም።