ያዙና ያዘ፦ የጋሽ ቀስ በሉ ዜና ሕይወት

በዚህ ግቢ ውስጥና ከበሩ ውጭ ቆማችሁ የምትሰሙ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ወዳጆች፤ ጉዞ ከመጀመራችን በፊት የታላቅ ወንድማችን የሕይወት ታሪክ እንዲሰማ የቤተሰቡ ፈቃድ ሆኗል። የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ሲሆን፣ ድምፁ ቢንቀጠቀጥ ኀዘን ብቻ እንዳይመስላችሁ አስቀድሞ ሊነግራችሁ ይወዳል፤ ግማሹ ፍርሃት ነው፤ ምክንያቱንም ታሪኩ እየሄደ ይገልጠዋል።

እናንተ ጋሽ ቀስ በሉ እያላችሁ የምትጠሯቸው ወንድማችን፣ ጣውላ በመነገድ ይተዳደሩ ከነበሩት አባታቸውና ከእናታቸው፣ አሁን ወንበር በተደረደረበት በኩል በነበረው አሮጌ ቤት የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው ለጣውላ ማመላለሻ ያችን ፒካፕ ገዝተው ወደ ግቢ ያስገቧት እሳቸው ገና ፊደል በሚቆጥሩበት ዘመን ሲሆን፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋቢና ውስጥ ካልተቀመጡ አልበላም፣ መሪ ካልጨበጡ አልተኛም እያሉ ቤቱን ያምሱት ነበር። እናታቸውም ምግቡን በሳህን ይዘው ወደ መኪናዋ እየሄዱ፣ "ይሄን ልጅ እኔ ወለድኩት፤ የምታሳድገው ግን እሷ ናት" እያሉ ሲያማርሩ የሰሙ አረጋውያን ዛሬም በመካከላችሁ አሉ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ከተከታተሉ በኋላ የእንጨት ሥራ ሙያ ትምህርት ቤት ገብተው በአናጺነት ተመረቁ። አባታቸው ድንገት ሲያርፉም መኪናዋን፣ መጋዙንና ቤተሰብ የመምራቱን ሸክም በአንድነት ተረክበው፣ በዚህ ሰፈር ውስጥ የእሳቸው እጅ ያላረፈበት በርና መስኮት ፈልጎ ማግኘት እስኪቸግር ድረስ ደከመኝ ሳይሉ ሠሩ።

የትዳር ጓደኛቸውን ያገኙት ከመገናኘታቸው በፊት በድምፅ ነው። ባለቤታቸው በስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆነው ሲሠሩ፣ ሽቦው እየተንጫጫ፣ ደዋዩ እያሳለ፣ የተጠሪውን ስም ሳያስደግሙ አጣርተው በመስማት የታወቁ ነበሩ፤ ወንድማችንም ምንም የሚደውሉለት ሰው ሳይኖራቸው እየደወሉ መስመር ሲያጣብቡ ከቆዩ በኋላ፣ በመጨረሻ ከራሳቸው ከኦፕሬተሯ ጋር እንዲያገናኟቸው ጠየቁ። ጋብቻቸውን ፈጽመውም ዛሬ በፊታችሁ የቆመችውን ነርስ ልጃቸውን ወለዱ።

እውነቱን ለመናገር፣ በወጣትነታቸው ቀስ በሉ የሚባሉት እሳቸው ነበሩ እንጂ ባዩ እሳቸው አልነበሩም። ፒካፗን እንደ ፈረስ ይጋልቧት ነበር፤ ከዚህ ግቢ ወጥቶ ወደ ታች ሰፈር የሚወርደውን ቁልቁለት ሲያወርዷት መንገደኛው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ያሳልፋቸዋል። ባለቤታቸው ከኋላም ከፊትም ሆነው ቢለምኗቸው፣ "ፍሬኗን እኔ አውቃታለሁ" ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም።

ይህ ሁሉ ድፍረት ያበቃው ዝናብ ባረጠበው አንድ ጠዋት ነው። ለታች ሰፈር ደንበኛ የሠሩትን ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ለማድረስ ሲነሡ፣ ትንሿን ልጃቸውን ጋቢና ውስጥ ከጎናቸው አስቀመጡ፤ ባለቤታቸውና ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ መስታወቱ እንዳይሰበር ከኋላ ቆመው በአንድ እጃቸው ቁም ሳጥኑን፣ በሌላው እጃቸው የመኪናዋን ጎን ጨብጠው ነበር። የቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ፍሬኑን ቢረግጡት ፔዳሉ ያለ አንዳች እምቢታ እስከ ወለሉ ሰመጠ፤ ደግመው ቢረግጡትም ያው ሆነ። በዚያች ቅጽበት አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ባላቸው ኃይል ሁሉ የጮኹት አንድ ቃል ብቻ ሲሆን፣ እሱም "ያዙ" የሚል ነበር።

ከኋላ የነበሩት ግን "ያዘ" ሲሉ ነው የሰሟቸው። እነዚህን ሁለት ቃላት የምትለየው የመጨረሻዋ ድምፅ በነፋስና በዝናብ ተወስዳ ቀረች፤ መኪናዋ ፍጥነት ስትጨምር ልባቸው ተሰቅሎ የነበረው ሁለቱ ሰዎችም ፍሬኑ ያዘ ማለታቸው ነው ብለው እፎይ አሉ። የሰውን ስም ሳያስደግሙ የሚሰሙት ኦፕሬተር በሕይወታቸው የተሳሳቱት አንድ ቃል ቢኖር ይህ ነው፤ እንዲያውም ሳቅ ብለው፣ ዝናብ ያረጠበውን ሻሻቸውን ለማስተካከል ሁለቱንም እጃቸውን ለቀቁ። ወንድማችን በዚያው ቅጽበት መሪውን ጠምዝዘው መኪናዋን ከመንገድ ዳር ከነበረ የአሸዋ ክምር ጋር አላተሟት። ታናሽ ወንድማቸው አሸዋው ላይ ወድቆ አፉ በአሸዋ ከመሞላቱ በቀር ምንም አልሆነም፤ ባለቤታቸው ግን ከነቁም ሳጥኑ ወድቀው ግራ እግራቸው በቁም ሳጥኑ ሥር ተጨፈለቀ።

ሐኪም ቤት ተኝተው ሳለ ባለቤታቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ያዘ ብለህ አልነበረም እንዴ?" አሏቸው። ወቀሳ አልነበረም፤ ግራ ስለገባቸው ብቻ ነው። ወንድማችን ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ያች ቃል በየትኛውም መልኳ ከአፋቸው አልወጣችም። አናጺ ሆኖ "ያዝልኝ" ሳይሉ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የምታውቁት አብራችሁ የሠራችሁ ናችሁ፤ ጣውላ የሚደግፍላቸውን ሰው "እዚያ ጋ ይቆይልኝ" ይሉ ነበር፤ ጉንፋን እንኳ ያዘኝ አይሉም፣ "ጉንፋን መጣብኝ" ነበር የሚሉት። እኛም መጀመሪያ ስቀን፣ በኋላ ግን ለምደነው፣ በፊታቸው ቃሏን እየዘለልን መናገር ጀመርን።

ፒካፗ ተጎትታ ወደዚህ ግቢ ከገባች በኋላ ሸራ ተጣለባት። ዓመታት አለፉ፤ ጎማዋ አፈር ውስጥ ሰመጠ፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ጣለ፣ ሽቦዋን አይጥ በላው፣ የጭነት ሳጥኗ ወለል ዝጎ እንደ ወንፊት ሆነ። ወንድማችን መጋዛቸውን ሲስሉ ጀርባቸውን ለእሷ ሰጥተው ነበር የሚቀመጡት። በመንገድ የሚሮጥ ሕፃን፣ የሚከንፍ ታክሲ፣ ቸኩሎ ደረጃ የሚወርድ ጎረቤት ባዩ ቁጥር "ቀስ በሉ" ማለት የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው፤ ስሙን ያወጣችሁላቸው እናንተ ስትሆኑ፣ ከቀልዱ በስተጀርባ ምን ያህል ፍርሃት እንዳለ ግን የምናውቀው እኛ ነበርን።

ሸራውን ያስነሣቸው ሌላ ፍርሃት ነው። የባለቤታቸው እግር ከዕድሜ ጋር እየከፋ ሄዶ፣ ታች ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ በየጊዜው መመላለስ የግድ ሆነ። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ጭቃ ስለሆነ ታክሲ አልወጣም ብሎ፣ ጎረቤቶች ባለቤታቸውን በወንበር ተሸክመው ሲያወርዷቸው ወንድማችን ከጎን እየሄዱ "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" ይሉ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ አንድ ጊዜ አዳልጧቸው ወንበሩ ዘንበል ሲል ግን ያችን ቃል ማውጣት አቃታቸው። በማግሥቱ ማለዳ ሸራውን ገፈው ዶሮዎቹን አስወጡ።

ያን ሥራ ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። መካኒኩ ጎረቤታችን ሞተሯን አውርዶ ሲያጥብ፣ እሳቸው የበሰበሰውን የጭነት ሳጥን ነቅለው ጥለው በአዲስ እንጨት ሠሩት፤ የግራና የቀኝ መደገፊያውን በተለይ ጠንካራ እንጨት መርጠው፣ የሰው እጅ ሙሉ ለሙሉ እንዲጨብጠው ክብ አድርገው ላጉት፣ አሽተው አለሰለሱት፤ ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙበት ማንም አልጠየቃቸውም። ፍሬኑን ግን ለሌላ ሰው አልሰጡም። አዲሱን ቱቦ በገዛ እጃቸው ገጠሙ፤ አሥረው ይፈቱ፣ ፈትተው እንደገና ያሥሩ ነበር።

የቀረው ከፍሬኑ ውስጥ አየር ማውጣት ብቻ ሆነ። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ፔዳሉን ረግጦ ሲይዝ፣ ሌላው ከሥር ተኝቶ አየሩን ያስወጣል፤ በመካከላቸውም የሚመላለሱት "ያዝ" እና "ልቀቅ" የሚሉ ቃላት ናቸው። ባለቤታቸው ቀኝ እግሬ ደህና ነው ብለው በገዛ ፈቃዳቸው መሪው ፊት ተቀመጡ። ወንድማችን ከሥር ሆነው ቃሉን ላለመናገር ቸርኬውን በመፍቻ ማንኳኳት ጀመሩ፤ አንድ ጊዜ ሲያንኳኩ መርገጥ፣ ሁለት ጊዜ ሲሆን መልቀቅ ማለት ነው። ባለቤታቸው ጥቂት ከታገሡ በኋላ፣ "ምንድነው እንደ በር የምታንኳኳብኝ? ባፍህ ተናገር፤ ጆሮዬ አልጠፋም" አሏቸው። መፍቻው መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያም ከመኪናዋ ሥር፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ "ያዢ" የሚል ቃል ወጣ።

ለአንዲት ሴት ሲነገር ቃሉ ከምንም ጋር እንደማይምታታ ወንድማችን ያን ጊዜ ነው ያስተዋሉት። ባለቤታቸውም ሳይለቁ ያዙ።

መኪናዋ ከግቢ በወጣችበት ቀን ሁለቱ ብቻ ነበሩ የተሳፈሩት፤ እኛ ከኋላ በእግራችን ተከተልን። ወንድማችን ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ቆመው ለመመለስ ፈለጉ፤ ፈራሁ ብለውም ለባለቤታቸው በግልጽ ነገሯቸው። ባለቤታቸው፣ "እኔም ፈርቻለሁ፤ ግን በወንበር መውረዱ ይበልጥ ያስፈራኛል" አሏቸው። ወረዱ። አጋማሹ ላይ፣ የአሸዋው ክምር በነበረበት ቦታ አጠገብ፣ ፍሬኑን ረገጡ፤ መኪናዋም ቀጥ ብላ ቆመች። እኛ ሮጠን ስንደርስ ወንድማችን መሪው ላይ ተደፍተው ያለቅሱ ነበር፤ ባለቤታቸውም ጀርባቸውን እየደባበሱ ያችኑ ቃል ደጋግመው ይነግሯቸው ነበር፤ "ያዘ፣ ያዘ" እያሉ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸውን ወደ ክሊኒክ ሲያመላልሱ፣ የጎረቤት ታማሚም ሲያደርሱ ኖሩ። ልባቸው መድከሙን ሐኪም በነገራቸው ጊዜ፣ "የኔስ ችግር ሞተሩ ነው፤ ፍሬኑ ደህና ነው" ብለው ቀለዱ፤ ቤት ሲደርሱ ግን ልጃቸውን ጠርተው መንዳት ያስተምሯት ጀመር። ልጃቸው በልጅነቷ ያን ጠዋት ጋቢና ውስጥ ስለነበረች ከመሪው ፊት ከመቀመጧ በሩን ከፍታ ትወርድ ነበር፤ እሳቸውም ሳይቆጡ፣ ሳያጣድፉ፣ ያንኑ ቁልቁለት ደጋግመው አስወረዷት።

በመጨረሻዋ ሰዓታቸው አልጋቸው አጠገብ የነበሩት ባለቤታቸውና ልጃቸው ናቸው። ዓይናቸውን ገልጠው ሁለቱንም ከተመለከቱ በኋላ አንድ ቃል ተናግረው አረፉ። ልጃቸው "አባዬ 'ያዙ' ነው ያለን፤ እጄን ያዙኝ ማለቱ ነው፤ ፈርቶ ነበር" ትላለች። ባለቤታቸው ደግሞ "የለም፣ 'ያዘ' ነው ያለው፤ አሁንስ አልተሳሳትኩም" ይላሉ። የትኛው እንደሆነ እኛ አናውቅም፤ ፈርተው ይሁን ፍርሃታቸው ለቋቸው ይሁን ሳናውቅ መቅበሩ ከባድ ነው።

ወንድማችን የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን ያነበበላችሁን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። በሕይወት ሳሉ ቀስ ብሎ መሄድን ያስተማሩንን ሰው፣ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ቁልቁለት በሌለበት ስፍራ በሰላም ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥልን።

አሁን ቁልቁለቱን ወርደን ወደ መቃብሩ ስፍራ ጉዞ እንጀምራለን። መኪናዋን የምትነዳው ልጃቸው ናት፤ ከማለዳ ጀምራ ፍሬኑን እየረገጠች ስትሞክር አይታችኋታል። ባለቤታቸውን ጋቢና ይግቡ ብንላቸው እምቢ ብለው፣ እንደዚያን ቀን ሁሉ ከኋላ ሆኜ የአስከሬኑን ሳጥን ይዤ እወርዳለሁ ብለዋል። አብራችሁ የምትሳፈሩ ስድስት ሰዎች፣ ወንድማችን አለስልሰው የሠሩትን መደገፊያ በአንድ እጃችሁ፣ ሳጥኑን በሌላው እጃችሁ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ታች እስክንደርስ ድረስም፣ ያዘ የሚል ድምፅ ቢሰማችሁ እንኳ አትልቀቁ።