የታይላንዱ ሰውዬ

ወደ ብሉሚንግተን በሚሄደው ባቡር ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ጎልማሳ ስልክ አውርቶ ሲጨርስ፣ አጠገቡ ያለው ወጣት ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ጅማ ቪዲዮ ቤት ፊልም ይተረጉሙልን አልነበር?»

«በምን አወቅከኝ?»

«በድምፅዎ ነዋ! መብራት ሲጠፋ እንኳ ፊልሙን ከራስዎ ይቀጥሉልን ነበር።»

«ኧረ ተው! የዚያን ጊዜ ልጅ እዚህ ሰው አገር ላገኝ?»

«ያ የታይላንድ ፊልም ትዝ ይልዎታል? ሰውየው ልጆቹን የሚያበላው ሲያጣ የሞት ጨዋታ የሚገባበት?»

«እንዴት ይረሳኛል! ‹በርታ!› እያላችሁ ስትዘሉ አግዳሚውን ሰበራችሁት እኮ።»

«አሸንፎ ቤቱ ሲገባማ አለቀስኩ። በኋላ ከሊቢያ በጀልባ ስሻገር እሱን ነበር የማስበው። እሱ ከተረፈ እኔም እተርፋለሁ እል ነበር።»

ጎልማሳው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰውየው እኮ ሞቷል።»

«እንዴ! የመጨረሻውን በር ከፍቶ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ፊልሙ እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ ‹አልተረፈም› የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። እናንተ ደግሞ ቆማችሁ ታጨበጭባላችሁ። አፌ እምቢ አለኝ፤ ‹ቤቱ ገባ› አልኳችሁ።»

ወጣቱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«እንኳንም ያኔ እንግሊዝኛ አልቻልኩ፣ ጋሼ።»

ፊልሙን ስልኬ ላይ መፈለግ ጀምሬ ነበር፤ ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።