የአባባ ዊልፍ የእሁድ ምሳ

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ዲን! እሁድ በምሳ ሰዓት የሚደውል ሰው አንተ ብቻ ነህ። … አይ፣ አልረበሽከኝም፤ ቆይ ስልኩን ትከሻዬ ላይ ላጣብቀው፣ እጄ ሞራ በሞራ ሆኗል። … አሁን ቀጥል።

— አዎ፣ እዚሁ ነው። ጠዋት ከመጦሪያው ሄጄ አመጣሁት። አያትህ የገዛ ወንበሩ ላይ፣ ከረባቱን አስሮ ጉብ ብሏል። … እኔ አይደለሁም ያሰርኩለት፣ ራሱ ነው። የሰው ስም ይረሳል እንጂ ከረባት ማሰር አልረሳም።

— ሰላም ልበልልህ? … አባባ! ዲን ነው፣ የልጅ ልጅህ! … «የትኛው ዲን?» ይልሃል። … አትቀየም። እኔንም ጠዋት የጋዝ ቆጣሪ ልታነብ የመጣች ሴት አድርጎኝ ነበር። ቆጣሪው ደረጃው ሥር ነው አለኝ፣ በጨዋነት።

— በልቷል ወይ? … ወንድሜ፣ መጀመሪያ እኮ «ኬሪ፣ እንዴት ነሽ?» ይባላል። … ደህና ነኝ። ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ።

— አውቃለሁ። የተባባልነውን አልረሳሁም። ዛሬ እቤቱ ተቀምጦ አንድ ሙሉ ምሳ ከበላ፣ እዚሁ ባርንስሌይ፣ እኔ አጠገብ ይቀራል። ካልበላ ነገ የመጦሪያው ሰዎች ሲደውሉልህ እሺ ትላቸዋለህ፤ እሱም አንተ አገር ሳውዝሃምፕተን ይወሰድና ባፍንጫው የመመገቢያ ቱቦ ይገባለታል። … ጨካኝ ነህ አልኩህ እንዴ? ያልከውን ነው የደገምኩልህ። ስትሰማው ካስጠላህ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

— ምን ሠራሽ? ሁሉንም ነዋ! የበሬ ሥጋ በኦቨን፣ የተቀቀለ ድንች፣ የተጠበሰ ድንች፣ ካሮት፣ አተር፣ ጥቅል ጎመን፣ መረቅ። ፑዲንጉን ደግሞ ብታየው! ሞራው ጢስ እስኪያወጣ ጠብቄ የዱቄትና የእንቁላሉን ሊጥ ስገለብጥበት ጮኸ። ከዚያ እንደ ቄስ ቆብ ተነፋ። … ማን አስተማረኝ? ማንም። አያታችን እማማ ሂልዳ መች ኩሽና ታስገባን ነበር? «ኦቨኑን ስትከፍቱ ያየሁ እንደሆነ!» እያለች በፎጣ ታባርረን አልነበር? ግማሹን በበሩ ስንጥቅ እያየሁ፣ ግማሹን ከቪዲዮ፣ የቀረውን በማቃጠል ነው የተማርኩት። … አመሰግናለሁ። … ድገመው እስቲ፣ መስመሩ ጥሩ አይደለም።

— ምን? … ጨጓራ! ኧረ አታስታውሰኝ። ጨጓራ በወተትና በሽንኩርት፣ ነጭ በነጭ፣ በነጭ ሳህን ላይ። ምግብ መቅረቡን የምታውቀው በጠረኑ ብቻ ነበር። … አንተማ ለውሻ ሰጠኸው። … በልቶታል፣ ግን አስቦበት ነው።

— ዳቦ በሞራስ? ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ከሥጋው ሥር የረጋውን ቡናማውን እየጠረገች፣ ጨው ነስነስ አድርጋ። … ፊሊፓ ይህን ብትሰማ ትታመማለች? እንግዲያው አትንገራት። ሚስትህ ቅጠል በልታ ትኑር፣ ማንም አልነካት። … ከሩዝ በወተቱ ላይ የረጋውን ቆዳማ ልትበላብኝ ስትል አይደል በማንኪያ ግንባርህን ያልኩህ? … ጠባሳው አለ? ጥሩ። የቆዳው ዋጋ ነው።

— አትቆዝም እንግዲህ። ምግቡ የጣፈጠን ስለራበን ነው። … እሺ፣ ይጣፍጥም ነበር።

— እ? … አይ፣ ርዕሱን እያሸሸሁ አይደለም። … እሺ፣ እያሸሸሁ ነው። … አልበላም፣ ዲን። … ልነግርህ ነበር እኮ! ፑዲንጉን በላ። ሙሉውን። መረቁን በመጨረሻዋ ቁራሽ ጠረገ፣ ከዚያ አፉን ጠረገ፣ ሳህኑን ወደ ፊት ገፋ። ሥጋውን አልነካ፣ ድንቹን አልነካ። … አዎ፣ ልክ እዚያ መጦሪያው እንደሚሉት ነው፤ አንዱን ነገር ይበላና ይገፋዋል፣ እነሱም ጠገበ ብለው ያነሱለታል።

— ለመንኩት እንጂ! ላጉርስህም አልኩት። «ገና ነው» አለኝ። ምኑ ነው ገና?

— አሁን? አሁን እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ የኩሽናውን በር ያያል። … እማማን ነው የሚጠብቀው ትላለህ? … እኔም እንደሱ መሰለኝ። ከሞተች ወዲህ ይህ በር ላይ ዓይኑን ሲተክል አንጀቴን ይበላኛል። … ዲን? ታለቅሳለህ እንዴ? … ጉንፋን ነው። እሺ፣ ጉንፋን ነው።

— … አዎ። ቃሌ ቃል ነው። ነገ ሲደውሉ እሺ በላቸው። ሻንጣውን እኔ አዘጋጃለሁ። … አልተናደድኩም። ድምፄ እንዲህ ነው።

— እማማ ምን ታደርግ ነበር አልክ? … አዎ፣ ብልጥ ነበረች። ሥጋው ለሁላችን አይበቃም። ስለዚህ መጀመሪያ ፑዲንጉን ባዶውን፣ በመረቅ አርሳ ታቀርብልናለች። ሆዳችን ይሞላል። ከዚያ ሳህኑን ታነሳና፣ ወረቀት የምታህል ሥጋ ብታመጣ እንኳ ማንም አያጉረመርም … ሳህኑን ታነሳና …

— ቆይ። … ቆይ አልኩህ፣ ዝም በል!

— ሳህኑን ታነሳ ነበር፣ ዲን። ፑዲንጉ ለብቻው ነበር የሚመጣው። ዕድሜውን ሙሉ፣ ከከሰል ማዕድን ጉድጓድ ሥራው ወጥቶ ታጥቦ ሲቀመጥ፣ መጀመሪያ ፑዲንግ ነው፣ ከዚያ ሳህኑ ይነሳል፣ ከዚያ ነው ምሳው። አርብ፣ በዓሣው ቀን እንኳ! ዓሣ ከፑዲንግ ጋር ማን ይበላል? እኛ! … እኔማ ሁሉንም አንድ ሳህን ላይ ደረደርኩት። … እንደ ሆቴል። ሥጋውን እንደ ማራገቢያ ዘርግቼ። … ስለሚያምር ነዋ! … ሳቅ፣ ሳቅ። ጉንፋኑ ለቀቀህ መሰለኝ።

— ዲን፣ ስማኝ። ሰውየው እማማን አይደለም የሚጠብቀው። ሥጋውን ነው የሚጠብቀው።

— እዚያ መጦሪያውም እኮ እንደዚሁ ነው! ከቀረበለት ላይ አንዱን ይበላል፣ መጀመሪያው አለቀ ብሎ ይገፋል፣ ያነሱታል፣ ሁለተኛው ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። አይመጣም። እሱ ደግሞ ጨዋ ነው፣ በሰው ቤት ምግብ አይጠይቅም። … አትዝጋ። አትዝጋ፣ ስማ ብቻ።

— አባባ፣ ሳህኑን ላንሳልህ? … ጨርሰሃል? … ፑዲንጉ ደህና ነበር? … እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

— ኩሽና ገባሁ። ያንኑ ሥጋ፣ ያንኑ ድንች ሌላ ሳህን ላይ እየገለበጥኩት ነው። … ኧረ የምን ማራገቢያ፣ ክምር ነው! … መረቁን ላሙቀው። … ወጣሁ።

— ይኸው አባባ፣ ሥጋህ መጣ።

— …

— ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … ድምፄን ቀንሼ ነው። ሹካውን አነሳ። … ጨው ጠየቀ። … ሳይቀምስ ነሰነሰበት። ሌላ ቀን ቢሆን ስድብ ነበር፣ ዛሬ አልፌዋለሁ። … ሥጋ። … ድንች። … ሥጋ። … ካሮቱን ወደ ዳር ገፋ፤ እሱን ድሮም አይወድም። … ድንች። … እውነቴን ነው፣ እየበላ ነው የምልህ! ማኘኩ አይሰማህም? ስልኩን ላስጠጋልህ? … ይኸው።

— ሰማህ?

— ምን አልክ አባባ? … ዲን፣ «ምግቡ መልካም ነው፤ አስተናጋጇ ግን ትዘገያለች» ይላል።

— … አሁንም ጉንፋን ነው? … እሺ። ጉንፋንህን ጠብቄ እናገራለሁ።

— ነገ ሲደውሉ ምን እንደምትላቸው ታውቃለህ? … አይ፣ እሺ አትላቸውም። በሁለት ሳህን ያቅርቡለት በላቸው። ፑዲንግ ቢያጡ ዳቦ በመረቅ ያርሱ፣ ያንሱ፣ ከዚያ ዋናውን ያምጡ። … አልገባንም ካሉ እኔ ሄጄ አቀርብላቸዋለሁ። ደስ አይላቸውም፣ ግን ይገባቸዋል። … ቱቦውንም፣ ሻንጣውንም እርሳው። … ቃልህ ነው? … በል እንደሱ።

— ቆይ፣ አንድ ነገር ይለኛል። … እ፣ አባባ? … ዲን፣ «ስልኩ ላይ ያለው ልጅ በልቷል ወይ?» ይላል።

— … ምን በላህ? … ሳንድዊች? በእሁድ? … ቆመህ? … ኧረ ይህንንማ አልነግረውም፣ ገና አሁን ነው መብላት የጀመረው።

— በልቷል አባባ። ጥርግ አድርጎ በልቷል።

— … አውቃለሁ ወንድሜ። … አውቃለሁ። በሚመጣው እሁድ ባቡር አለ፣ ወንበርህም አለ። ፊሊፓንም አምጣት፣ ቅጠል አይጠፋላትም። … በል ቻው፣ ልዝጋው። ሥጋ ይጨመርልኝ እያለ ነው።