ደወል ብቻ ባለው አዳራሽ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ይህን የሕይወት ታሪክ ጽፎ የሚያነብላችሁ የእኅታችን ታላቅ ወንድም ነው፤ ከፊት የተቀመጡት ሠልጣኞቻቸው እንዲከታተሉም አስተርጓሚዋ አጠገቡ ቆማ በምልክት ታስረዳለች፤ ከሚያነበው አንዳች እንዳታስቀርባቸውም አስቀድሞ ለምኗታል።

እኅታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በዘጠኝ ዓመታቸው ማጅራት ገትር ይዟቸው ከሞት አፋፍ ሲመለሱ መስማታቸው እዚያው ቀረ። እናታቸው ልጄ ተረፈችልኝ ብለው ሲደሰቱ፣ አባታቸው ግን ከኋላዋ የሚመጣባትን ማን ይነግራታል እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ይብሰለሰሉ ነበር። ነገሩ የአባት ስጋት ነው ተብሎ ታለፈ።

ትምህርታቸውን የመምህራንን ከንፈር እያነበቡ፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳው በዞረ ቁጥርም ከጓደኛ ደብተር እየቀዱ ፈጽመው፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት መምህርት ሆኑ። በዚያም የተዋወቁትን የሒሳብ መምህር አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ሲቀልዱ፣ ከእርሷ ጋር ተከራክሮ ማሸነፍ ዘበት ነው፣ ልትሸነፍ ስትል ዓይኗን ትጨፍናለች ይሉ ነበር።

ዕድሜአቸው ሃምሳ ሲቃረብ፣ ጎበዝ ተማሪዎቻቸው በየሥራ ቦታው ከተላላኪነት እንደማያልፉ አይተው አንጀታቸው ስላረረ፣ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ላሉ ወጣቶች የመሪነት ሥልጠና ጀመሩ። ቦታው ወንድማቸው በሚያስተዳድረው ሕንፃ ምድር ቤት ያለው አዳራሽ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ሊቀ መንበር ይመረጣል፤ እርሱም መብራቱን አጥፍቶ ሲያበራ ሁሉም ክርክሩን ትቶ፣ ወንበሩን ይዞ፣ ዓይኑን ወደ መሪው ያቀናል። የመጨረሻው ሰው ሳያይ አንዲት ቃል አይነገርም።

እኅታችን አዳራሹን ባዩበት ቀን የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያው ደወል ብቻ መሆኑን ተረድተው፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብለው፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እንዲተከል ደብዳቤ ጻፉ። በዓመቱ ደገሙ፤ ሦስተኛም ጻፉ። ወንድማቸው ደብዳቤዎቹን መሳቢያው ውስጥ እያኖረ፣ ደወሉ ሲጮኽ አንድ ሰው ወርዶ ይነግራችኋል ይላቸው ነበር። ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ግን ተወስኖ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከምድር ቤቱ መጋዘን እሳት ተነሣ። ደወሉ ሲጮኽ ከላይ የነበሩት ሁሉ፣ ወንድማቸውም ጭምር፣ አንዱ ሌላው ነግሯቸዋል እያለ ወጥተው መንገድ ላይ ቆሙ። ከታች የዕለቱ ሊቀ መንበር የነበረችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጢሱን አይታ መብራቱን ደጋግማ አጠፋች፣ አበራች፤ ጓደኞቿም እንደ ተማሩት እጃቸውን ሰብስበው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እሳት መሆኑን በምልክት ስትነግራቸው የፊተኞቹ ከእኅታችን ጋር ወጡ፤ ከኋላ የነበሩት ሁለት ልጆች ግን ጢሱ እጇን ስለ ጋረደባቸው ትእዛዝ እየጠበቁ ቀሩ። እኅታችን ተመልሰው ገብተው ሁለቱንም ጎትተው አወጧቸው።

ልጆቹ ዳኑ፤ የእሳቸው ሳንባ ግን ሊያገግም አልቻለም። አሥራ አንድ ወር በታመሙበት ጊዜ፣ ወንድማቸው ሊጠይቃቸው በገባ ቁጥር፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ «መብራቱስ?» ይሉት ነበር። እርሱም በቅርቡ ይላቸው ነበር። ከትናንት በስቲያ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ወንድማቸውንና ሃያ ሦስት ሠልጣኞቻቸውን ትተው አልፈዋል። ሠልጣኞቹ በፊታችን ቅዳሜ ወደዚያው አዳራሽ ይወርዳሉ፤ ግድግዳው ተቀብቷል፣ መጋዘኑም እንደገና ሞልቷል፣ መብራቱ ግን እስከ ዛሬ አልተተከለም። ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ በዕረፍት ያኑርልን፤ ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ያጽናናልን። ወንድማቸው፣ እነዚህንም ልጆች ፈጣሪ ይጠብቃቸው ብሎ ሊጨምር ብዕሩን አንሥቶ ነበር፤ ግን አፈረ፤ ሦስት ጊዜ በደብዳቤ የተለመነው እርሱ ነበርና።